ዓመተ ምሕረቱን አይንኩት

ጎንደር፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ወልደኢየሱስ፣ አምባ ጊዮርጊስ።

አያ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እህትዎ እትዬ ይመኙሽ፣ አራሷ ወንጌላዊት፣ ሕፃኗ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አለን ስልዎት ሱቁን ጠዋት እንከፍታለን፣ ማታ እንዘጋለን፤ ሌላ የምጨምርበት የለኝም። አባቴ ሰላም ብሎዎታል።

ደብዳቤዎን ሚጥሚጣ ነጋዴዋ ነጃት ከገበያ ስትመለስ ሰጠችኝ። ለምን በስልክ እንዳልደወሉ ስለነገሩኝ አልተቀየምኩም። እውነትዎን ነው፤ ጆሮዎ ከከበደ ወዲህ እርስዎ ስልክ ሲያናግሩ መናኸሪያው ድረስ ይሰማል። ከአንድ ግድግዳ ወዲያ አራስ ተኝታ የእኛ ወሬ በወረቀት ቢሆን ይሻላል። ወረቀቱን ከዳዊትዎ ውስጥ ያኑሩት፤ እሱን ወንጌላዊት አትከፍትም።

የጠየቁኝን ልመልስ። የወንጌላዊት ላፕቶፕ ይጠገናል ወይ ላሉኝ፣ አዎ ይጠገናል። ወንድሟ መዝሙር በጥቅምት መጀመሪያ እናንተ ዘንድ ሲመጣ የድሮው ዊንዶውስ ጊዜው ስላለፈ አዲሱን ጫነላት። አዲሱ ሲገባ ዋይፋይ የሚቀበለውን ዕቃ አላወቀውም። ዕቃው አልተበላሸም፤ እዚያው ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል። ነገር ግን አዲስ የመጣ አለቃ የቆየውን ሠራተኛ በስሙ ሳያውቀው ሥራ እንደማያዘው ነው። የሚያስተዋውቃቸው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። መዝሙር እሱን ከዚህ አውርዶ በፍላሽ ሊያመጣላት ነበር።

አውርዶታል፣ አያ። ፍላሹ ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ነጭ ፕላስተር ለጥፎ "የወንጌ" ብሎ ጽፎበታል። ወደ ዛሪማ ፕሪንተር ሊጠግን የሄደ ዕለት ረስቶት ወጣና ከመንገድ ደወለልኝ፤ "ስመለስ አስታውሺኝ፣ በሳምንቱ አደርስላታለሁ" አለኝ። ሊማሊሞ ገደል ላይ መኪናው የሆነውን እርስዎም እኔም እናውቀዋለን፤ አልጽፈውም።

ፍላሹን በነጃት ብልከው ወንጌላዊት ዋይፋዩን ለመክፈት ጊዜ አይፈጅባትም። ከተከፈተ በኋላ ግን መጀመሪያ የምታየው ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈውን የወንድሟን ፎቶ ነው፤ ሻማ ተደርጎበት። ከሥሩ ነፍስ ይማር የሚል ብቻ ነው። አብረውት የተማሩት ጽፈዋል፣ ደንበኞቻችን ጽፈዋል፣ እኔም ጽፌያለሁ። ሽማግሌ ሳይመጣ፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ሳይኖር፣ ጨቅላ ታቅፋ መርዶዋን ከላፕቶፕ ልትሰማ ነው። ይህን ሳስብ ሌሊቱን ሙሉ እንደሠራ ሰው ይደክመኛል።

ስለዚህ አልላክሁትም። ክርስትናው እስኪደርስ ባልልከው ይሻላል እላለሁ። አባቷ እርስዎ ነዎት፤ ላኪው ካሉኝ እልካለሁ።

ግን አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ምነው ጅቡቲ አሏት?

ልጅዎ ፈህሚያ


አምባ ጊዮርጊስ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፈህሚያ ዐብዱልከሪም።

እንዴት አለሽ ልጄ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። አባትሽን ዐብዱልከሪምን አደራ ሰላም በይልኝ። በቀብሩ ዕለት ክንዴን ይዞ ያቆመኝ እሱ ነው፤ እስካሁን አላመሰገንኩትም፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ፍላሹን አትላኪው። ልክ ብለሻል።

ጅቡቲን በተመለከተ ምን ብዬ ልመልስልሽ? መዋሸት ስላልለመድኩ ሩቅ ሄድኩ። እሱን ቀብሬ ከጎንደር ስመለስ ወንጌላዊት ቀኗ ገብቶ ነበር። እኔን የምታውቀው ለሀገረ ስብከት ስብሰባ እንደሄድኩ ነው። ገና ደጃፉን ሳልዘልቅ "አባ፣ መዝሙርን አየኸው? ስልኩ ምነው ተዘጋ?" አለችኝ። ያን ጊዜ አፌ የመጣለትን ተናገረ። "ጅቡቲ ወደብ ላይ የኮምፒውተር ሥራ አግኝቶ በድንገት ሄደ። የኛ ስልክ እዚያ አይሠራም፤ በኢንተርኔት ነው የሚገኘው" አልኳት። ተቆጥታ "ሳይሰናበተኝ!" አለች። በዚያው ሳምንት ወለደች። ከዚያ ወዲህ ቁጣውን ትታ "ላፕቶፔ ይሠራልኝና ሕፃኗን ላሳየው" ነው የምትለው። የእሷ ስልክ ባለ ቁልፏ ትንሿ ናት፤ ከመደወል በቀር አታውቅም። መንገድ የጠቆምኳት እኔው ራሴ ነኝ። እንዲህ ያለ ጅል አባት አይተሽ ታውቂያለሽ?

እናታቸው ስትሞት መዝሙር ገና የሚታዘል ነበር። ያዘለችው እሷ ናት፤ ራሷም ልጅ ሳለች። ተማሪ ቤት ስትሄድ አዝላው ሄዳ መምህሩ ከነጓዟ የመለሳት ቀን አለ። ስለዚህ ሞቱን ስትሰማ እንደ እህት አትሰማውም። ወተቷ ቢነጥፍስ? እሷ ራሷ ብትታመምስ? ይመኙሽ እህቴ በዚህ ቤት ብዙ አራስ አርሳለች፤ "ክርስትናው ሳይደርስ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ" ብላ አስምላኛለች።

እኔም በቤቴ ሐዘንተኛ አይደለሁም። ጥቁር አልለበስኩም፣ ፀጉሬን አልተላጨሁም። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ አገሩ ሁሉ ዝም ብሎልኛል። ሊያስተዛዝነኝ የሚፈልግ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጽዱ ሥር ይጠብቀኛል። እዚያ "እግዜር ያጥናህ" ይለኛል፤ እኔም ድምፄን ውጬ አለቅሳለሁ፤ ዓይኔን ጠርጌ እገባለሁ። ወንጌላዊት "ዓይንህ ምነው?" ስትለኝ "የጧፍ ጢስ ነው" እላታለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ዕለት ዕለት "ምን አለች ፈህሚያ?" ትለኛለች። ያልተበላሸ ነገር እንዴት እንደማይጠገን የምታውቂ አንቺ ነሽና የምላትን ላኪልኝ።

አባትሽ መሪጌታ ወልደኢየሱስ


ጎንደር፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ወልደኢየሱስ።

አያ፣ ሰላምዎት ይብዛ። አባቴ ምስጋናዎን ሲሰማ "ምን ያመሰግነኛል፣ እኔንስ ማን ያዘኝ" ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

ለወንጌላዊት የሚያነቡላት ከዚህ ሥር ያለው ነው። በደንብ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ያኔ የደበቅነው ነገር ያለ አይመስላትም።

"ወንጌዬ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሕፃኗን ስሚልኝ። ስለ ላፕቶፕሽ፦ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ዋይፋይ የሚያድለውን ራውተር ከሶኬቱ ንቀይና ትንሽ አሳርፈሽ መልሺው። ቀጥሎ ላፕቶፑን አጥፍተሽ አብሪው። እምቢ ካለ ከኔትወርክ ማስተካከያው ገብተሽ 'ሪሴት' የሚለውን ንኪ። በዚህ ካልሆነ የሚጎድለው ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መታገሥ ነው። አንቺ ደግሞ አራስ ነሽ፤ ዓይንሽን አታድክሚ።"

ይኸው ነው። ያለ ድራይቨሩ ከነዚህ አንዱም አይሠራም። ለሌላ ሰው ብጽፈው ኖሮ ሥራዬን የማላውቅ ነኝ ማለት ነው። ሰው ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ ቶሎ ጠግኜ ሰጥቼው ሲስቅ ማየት ነው የምወደው። አሁን እያወቅሁ የማይሠራ መድኃኒት እያዘዝኩ ነው፤ እጄ ያፍራል። መዝሙር ቢኖር ይህን ወረቀት አንብቦ "ፈህሚያ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?" ብሎ ይስቅብኝ ነበር። አራት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው የሠራነው። ወንበሩን አላነሳሁትም። ደንበኞች ሊቀመጡበት ሲሉ "እግሩ ተሰብሯል" እላቸዋለሁ። እኔም እንደ እርስዎ መዋሸት ለመድኩ።

እንዳመመኝ ልንገርዎት ብዬ እንጂ ሊያጽናኑኝ አይደለም። የእርስዎ ይበልጣል።

ልጅዎ ፈህሚያ


አምባ ጊዮርጊስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ፈህሚያ፣

ሰላምታውን ላሳጥርብሽ ነው፤ አትቀየሚኝ። ነጃት ማኪና እየጠበቀች ነው።

ያዘዝሻትን ሁሉ አደረገች። ራውተሩን ነቀለች፣ መለሰች፤ አጠፋች፣ አበራች። ሕፃኗ ስትተኛ ትጀምራለች፣ ስትነቃ ትተዋለች። ግን ያላሰብነው በሌላ በኩል ደረሰ።

ባሏን ሙሉቀንን ታውቂዋለሽ፤ ትክል ድንጋይ ከተማ ነው የሚያስተምረው። ገና ዋይፋዩ እንደጠፋ ሰሞን፣ ይህ ሁሉ ሳይመጣብን፣ ከላፕቶፕ ጎን የምትሰካ ጥፍር የምታክል የዋይፋይ መቀበያ ዕቃ እንዲገዛላት ለአንድ ወዳጁ ነግሮት ኖሯል። ነገሩን ራሱም ረስቶታል። ወዳጁ ግን አልረሳም፤ በአውቶቡስ ልኮ ዕቃው ትናንት በቀጥታ ከእጇ ገባ። ስትሰካው የዋይፋዩ ምልክት በአንዴ ብቅ አለ። እልል አለች። ይመኙሽም ምን እንደሆነ ሳታስተውል አብራ እልል አለች። እኔ ደጅ ተቀምጬ ነበር።

"አለቀ" አልኩ። ገብቼ እግሯ ሥር ልወድቅ ነበር።

ታዲያ ገጹ አልከፈት አላት። ምልክቱ አለ፣ ራውተሩም ይዟል፣ ግን የከፈተችው ሁሉ ይመልሳታል። ያነበበችልኝ "ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል" የሚል ነው። ሰዓቱን ከስልኳ ጋር አስተያየችው፤ ልክ ነው። ዓመቱን አየች፤ 2018 ይላል። "ምኑ ነው የቀረው? ዘንድሮ አይደለም እንዴ?" ብላ በንዴት ዘጋችው።

አሁን የምጠይቅሽ ይህ ነው። ላፕቶፑ አርጅቶ መብራት በጠፋ ቁጥር ዘመኑን ይረሳል። የት ላይ ተነክቶ እንደሚስተካከል መዝሙር አሳይቶኝ ነበር። እኔም ሰሞኑን መብራት ሄዶ ሲመጣ አየሁትና ዓመተ ምሕረቱ ተሳስቷል፤ የሌለ ዘመን ይዟል። ለደብሩ በዓላትና አጽዋማት የማወጣ፣ ባሕረ ሐሳብ የማስተምር ሰው ቤቴ ውስጥ የተሳሳተ ዘመን አላስቀምጥም ብዬ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት አልኩት። ጥፋቴ ይሆን? ወይስ እግዚአብሔር አይቶልን ነው?

መሪጌታ ወልደኢየሱስ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

አያ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። አባቴ ደንግጦ ከጓዳ ወጣ፤ ሳነብለት እሱም ሳቀ።

ጥፋትዎ ነው፣ አያ፤ እሰየው የሚያሰኝ ጥፋት ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ዘመን ብቻ ነው፤ በነሱ አሁን 2025 ነው። እርስዎ 2018 ሲሉት እሱ የነሱ 2018 መሰለው፤ ወደ ኋላ ሰባት ዓመት ሄደ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ ሁሉ ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል መታወቂያ አለው። ላፕቶፑ መታወቂያውን ሲያየው ገና ወደፊት የሚሰጥ ይመስለዋል፤ አላምንም ብሎ በሩን ይዘጋል። ሌላ በሽታ የለውም።

ይህ እዚህ ሱቅ ስንት ጊዜ መጥቷል መሰለዎት! ቀሳውስት ያመጡታል፣ የቀበሌ ጸሐፊዎች ያመጡታል፤ ዘመኑን ሊያቃኑ ብለው ያጣመሙት። መዝሙር ስም አውጥቶለት ነበር፤ "የባሕረ ሐሳብ በሽታ" ይለው ነበር። "አባቴም አንድ ቀን ይይዘዋል" ብሎኝ ያውቃል። ይኸው ያዘዎት።

መፍትሔው ቀላል ስለሆነ ለኋላ ይያዙት። እዚያው የነኩበት ቦታ ገብተው 2018ን 2025 ማድረግ ብቻ ነው፤ ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የነሱ አዲስ ዓመት ስለሚገባ ከዚያ ወዲያ ከሆነ 2026። በአንድ ጊዜ ሁሉም ይከፈታል። አሁን ግን ዓመተ ምሕረቱን አይንኩት። መብራት ጠፍቶ ከረሳም መልሰው 2018 ያድርጉት። ክርስትናው እስኪያልፍ እዚያው ይቆይልን።

ለወንጌላዊት "ፈህሚያም አልገባትም፣ ራሷ ስትመጣ ታየዋለች" ይበሏት። ስለ ሥራዬ ከጻፍኩት ሁሉ ይህ ያሳፍረኛል፤ ግን ይበሏት።

ፈህሚያ


አምባ ጊዮርጊስ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፈህሚያ።

ብዙ ቀን ሳልጽፍልሽ መቆየቴን ይቅር በይኝ። የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን ብዕር ማንሣት ታክቶኝ ነው። አባትሽ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እንዴት ናቸው?

በወሩ መጀመሪያ አርባውን አወጣን። አወጣን ማለት ካህናቱ ጸሎቱን ዝግ ባለ ድምፅ አደረሱ፤ ዝክሩን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተቃመስን፤ ምንም እንዳልተደረገ ሰው እቤቴ ገባሁ። የሰው ልጅ አርባ እንዲህ በሹክሹክታ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላው ቢቀር ስሙን ጮክ ብዬ መጥራት አምሮኝ ነበር።

ስለ ዘመኑ ከነገርሺኝ ወዲህ ያን ላፕቶፕ በሌላ ዓይን ነው የማየው። በእሱ ሐሳብ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነን ማለት ነው። ያኔ መዝሙር ተማሪ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ደብተሩን አልጋዬ ላይ ወርውሮ "አባ፣ ራበኝ" ይለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወንጌላዊት ሳትነቃ መነጽሬን አድርጌ ዓመቱን እፈትሻለሁ፤ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 2019 ቢለኝ መልሼ 2018 አልኩት። ለጥንቃቄ ነው እላለሁ፤ ለጥንቃቄ ብቻ ግን አይደለም።

ደግ ወሬም አለኝ። ወንጌላዊት ሸጋ ሆናልኛለች። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ስለ ላፕቶፑ መጠየቅ ትታለች። ዘግታ ነጠላ አልብሳ ከራስጌዋ አስቀምጣዋለች። ገንፎ ስትጠላ እንዳልነበር አሁን ጠርጋ ትበላለች፤ አጥሚቱንም ትጠጣለች። ይመኙሽ ደስ ብሏት "ወተቷ ጎርፍ ሆነ" ትላለች። አንዳንዴ ብቻ ሕፃኗን ታቅፋ ግድግዳ ግድግዳ ታያለች። አራስ ትፈዝዛለች ይላሉ።

ክርስትናው ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። የሕፃኗን ቀን አልቀማትም፤ መርዶው በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ይሁን ብለናል። አባትሽና አንቺ ከዋዜማው ብትደርሱልኝ ደስ ይለኛል። የእናንተን ምግብ ነጃት ለብቻ አሳርዳ ታሰናዳለች። ፍላሹንም ያን ጊዜ ይዘሽ ነይ።

መሪጌታ ወልደኢየሱስ


ጎንደር፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

አያ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎት።

እንመጣለን ኢንሻአላህ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ በአውቶቡስ፣ ካልሆነም እንደ ምንም። አባቴ አንደኛውን ኮቱን አስጠርጓል።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ወንጌላዊት መጠየቅ ተወች ያሉት ደስ አላለኝም። እሷ እንዲህ ተዪ ቢሏት የምትተው ሰው አይደለችም። እባክዎ ላፕቶፑን ከፍተው ዓመቱን ይዩና በነጃት አንድ መስመር ይላኩልኝ።

ፈህሚያ


አምባ ጊዮርጊስ፣ ጥር 7 ቀን

አየሁት፤ 2018 ይላል። እግዚአብሔር ይመስገን። አትስጊ።

ወልደኢየሱስ


አምባ ጊዮርጊስ፣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈህሚያዬ።

ይህን የጻፍኩልሽ እኔ ወንጌላዊት ነኝ። ነጃትን "ለፈህሚያ ብቻ ስጫት፣ ለአባቴም እንዳትነግሪው" ብዬ አስምያታለሁ። ምስኪን፣ የሁላችንንም ደብዳቤ ስታመላልስ ከሚጥሚጣዋ ይልቅ ወረቀቱ ከበዳት።

አውቃለሁ፣ ፈህሚያ። መዝሙር እንደሞተ አውቃለሁ።

እንዴት አወቅሽ ትዪኛለሽ። ኢንተርኔቱ እምቢ ሲለኝ ሥራ ፈትቼ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ያሉ ፎቶዎችን አይ ጀመር። መዝሙር በጥቅምት ሲመጣ ያነሳኝ አለ፤ ሆዴ ገፍቶ፣ "አንሺው እንዳይወድቅ" እያለ ሲያሾፍብኝ። የተነሣበት ቀን ከሥሩ ተጽፏል፤ 2025 ይላል። ከላይ ያለው የዛሬው ቀን ደግሞ 2018። ከሁለት ወር በፊት የተነሣ ፎቶ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል ማለት ነው። ይህ እንዴት ይሆናል ስል የአባቴ ነገር ትዝ አለኝ፤ ዘመን ተሳስቶ ሲያይ እጁ አያርፍም። መዝሙርም አንዴ ስለዚህ በሽታ ነግሮኝ ስቀናል። ቀይሬ 2025 አልኩት፤ ተከፈተ።

መጀመሪያ ያየሁት የእሱን ፎቶ ነው፤ ሻማ አድርጋችሁበት። ያንቺን ጽሑፍም አነበብኩ። "ከፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ" ብለሻል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ከዚያ ዘጋሁት። ሕፃኗ እያለቀሰች ነበር፤ አንስቼ አጠባኋት። ሌላ የማደርገው አልመጣልኝም። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ፤ እትዬ ይመኙሽ ገንፎ እያገነፋች ነበር፤ አልሰማችኝም።

ልጮህ ነበር፤ አፌን ከፍቼ ሁሉ ነበር። ያን ጊዜ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ዓይኑ አብጧል። "ጧፉ ነው" አለኝ፤ ሳቅ አለ፤ ሕፃኗን ስሞ "ዛሬ እንዴት አደራችሁ?" አለ። አየሁት፤ ከስቷል። ይህን ሰው ያቆመው እኔን መደበቁ ብቻ እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ገባኝ። እኔ ከወደቅሁ እሱም ይወድቃል፤ ልጄም ወተቷን ታጣለች። ስለዚህ ዋጥኩት። ዓመቱን መልሼ 2018 አደረግሁት። ጠዋት ጠዋት መነጽሩን አድርጎ ሲያየው የተኛሁ መስዬ እሰማዋለሁ። "ተመስገን" ይላል በሹክሹክታ። ገንፎውንም ያን ሁሉ የበላሁት ለዚህ ነው።

በአንቺ ተቀይሜ ነበር፤ አልዋሽሽም። ራውተር ስታስነቅዪኝ፣ ስታስተክዪኝ! መለስ ብዬ ሳስበው ግን ምን ታድርግ አልኩ። አንቺም እኮ ወንድምሽን ነው የቀበርሽው። አሁን ደክሞኛል፤ ቂም የምይዝበት አቅም የለኝም፤ የምወድሽበት ግን አልጠፋም።

አሁን የምለምንሽ አለ። መርዶው እሁድ መሆኑን አባቴ ለእትዬ ይመኙሽ ሲነግራት ከግድግዳው ወዲያ ሰምቻለሁ። እሁድ ጎሕ ሲቀድ ስትመጡ እንደ ደንቡ ደጃፉ ላይ ቁሙ። ሽማግሌዎቹ እንደሚናገሩት ይናገሩ። እኔ ያን ሰዓት እንደሰማሁ ሆኜ እሰማለሁ። ለዚያ ማስመሰል አያሻኝም፤ የያዝኩት አለኝ። አንቺ እኔን አትያዢ፤ እትዬ ይመኙሽ አለችልኝ። አባቴን ያዢልኝ። ስልክ ሲያናግር መናኸሪያው ድረስ የሚሰማው ሰውዬ ለልጁ አንድ ቀን ጮክ ብሎ አላለቀሰም። ያን ዕለት ይጩኽ። ስሙን እየጠራ ይጩኽ። ማንም ዝም በል እንዳይለው አደራሽን። አስቀድሜ እንዳወቅሁም አትንገሪው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቀኝ በከንቱ እንዳይመስለው።

መዝሙር ሊያመጣልኝ የነበረውን ፍላሽም ይዘሽልኝ ነይ። የሙሉቀን ዕቃ ይሠራል፤ ዋይፋይ አላጣሁም። ግን መዝሙር ጀምሮ የተወው ሥራ ነው፤ እሱው ይጨርሰው።

እህትሽ ወንጌላዊት